ሳይነበብ የጸደቀው ኮድ

ጓደኛችን ዳዊት ኮዱ የወደቀበትን ፈተና ሰርዞ «ሁሉንም አልፏል» ብሎ ላከው! ደሜ ፈልቷል።

እኔና ጓደኞቼ የድሮ ኮምፒውተርን አስመስሎ የሚሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም በነፃ እንሠራለን። አንዳችን የላከውን ለውጥ ሌሎቻችን አንብበን ነው የምናጸድቀው። ማለቴ፣ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ዳዊት የላከው ለውጥ የምናስመስለውን ኮምፒውተር ሰዓት ያዛባል። ይህን ስህተት በራሱ የሚያጋልጠውን ፈተና ደግሞ ከፕሮግራሙ አጥፍቶታል። «ፈተናውን መልስ፣ ኮድህን አስተካክል» ብዬ ለሁሉም ክፍት በሆነው ገጻችን ላይ፣ ከለውጡ ሥር ጻፍኩለት።

18 ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ደወለልኝ። «ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ታዋርደኛለህ? ደውለህ አትነግረኝም ነበር?»

ለካ ሌሎቹ ሁለት ጓደኞቻችን ቀድመው አጽድቀውለታል። አንዱ ጋ ደወልኩ። «አንብበኸዋል?»

«ኧረ የት አንብቤ! ዳዊት አይደል እንዴ? እምቢ ልበለው?»

ጮህኩበት። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። (ኮድ ያጣላል ብሎ ማን ያስባል? የሴት ጉዳይ መስሏቸዋል።)

ታክሲ ውስጥ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት የእኔን ረጅም ለውጥ እነዚሁ ሰዎች በሁለት ደቂቃ ሲያጸድቁልኝ «ኑሩልኝ» ብያቸው ነበር።

አሁን ቤት ገብቼ የራሴን ኮድ እያነበብኩ ነው። እስካሁን ሁለት ስህተት አግኝቻለሁ።

እናንተስ፣ ሳያነብ የፈረመላችሁ ወዳጅ አላችሁ?