ማክሰኞ አልወርድም ያለችው ጀልባ

መርሲናን ቁጭ ብላ ያያት ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ ሳኬላሪስ እዚህ በግሪኳ ደሴት በካሊምኖስ፣ ጀልባ ከባሕር በሚጎትተው የጥገና ቤት ዊንች ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ፣ እሷ ደግሞ ከዊንቼ ሥር የጀልባ ሆድ ስትፍቅ፣ እህል እንኳ የምትቀምሰው ቆማ ነው። ዳቦዋን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ መፋቂያዋን ትሞርዳለች። ሥራ ሲጠፋ የመጋዘኑን ግድግዳ ትፍቃለች። አንድ ቀን «ወንበር አይነክስሽም እኮ!» ብላት፣ «አንተን ነክሶህ አይደል መነሳት ያቃተህ?» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ሥራው የሴት አልነበረም። አባቷ ሰፍነግ ጠላቂ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከጥልቁ በጥድፊያ ወጣና፣ ቀስ ብሎ ያልወጣ ጠላቂ እንደሚሆነው፣ ሁለት እግሮቹ ከዱት። ያን ጊዜ መርሲና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወንድሟ ቴሜሊስ ባሕር ገባ፣ እሷ መፋቂያ ያዘች። ዛሬ ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ አላገባችም። ዘመድ ቢባል እዚህ ያላት ቴሜሊስ ብቻ ነው።

ባሕር ደግሞ ሥራ አይፈታም። አንድ በጋ ውሃ ላይ የቆየች ጀልባ ሆዷ አረንጓዴ ጢም ያወጣል። ከጢሙ ሥር እንደ ድንጋይ የጠጠሩ ነጫጭ ቅርፊቶች ይጣበቃሉ፤ ውስጣቸው ነፍስ አለ፣ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ፕሮፔለሩ ላይ ከሰፈሩማ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጀልባዋ አትሄድም። መርሲና ጀልባ ወደብ ስትገባ ድምፅዋን ብቻ ሰምታ «ይቺ ሁለት ጣት ቅርፊት ተሸክማለች» ትላለች፤ ስናወጣት እንዳለችው ሆና ትገኛለች።

የቴሜሊስ ጀልባ በእናታቸው ስም ካሎቲና ትባላለች፤ የእንጨት ናት። ማዶ ላለችው ትንሽ ደሴት ዱቄት፣ ጋዝና መድኃኒት የምታደርሰው እሷ ናት፤ ስድስቱን ተማሪዎች ጠዋት አምጥታ ማታ የምትመልሰውም እሷው። ባለፈው መከር የወደብ ሹሙ ደብዳቤ ላከ። ወሩ በገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ካሎቲና ሙሉ ጭነት ይዛ በሃያ አምስት ደቂቃ ካልተሻገረች መስመሩ ለአንድ የፕላስቲክ ፈጣን ጀልባ ይሰጣል ይላል። ካሎቲና ያን ሰሞን ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ይፈጅባት ነበር።

ቴሜሊስ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «መስመሩን ከወሰዱብኝ አውስትራሊያ፣ ዳርዊን ከተማ፣ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ፤ በቃኝ» አለ።

የእኛ ደሴት ግማሹ ሰው አውስትራሊያ ነው። የሄደ በፎቶግራፍ ብቻ ነው የሚመለሰው። መርሲና ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «ማንም የትም አይሄድም! ቅዳሜ አውጣትና ለእኔ ተዋት» አለችው።

ቅዳሜ፣ ጀልባ ከባሕር በሚወጣበትና በሚወርድበት ሐዲድ ላይ የነበረው ሌላ ጀልባ እንደወረደ ካሎቲናን በዊንቼ ሳብኳት። ሆዷን ያየ ሰው «ይቺ ጀልባ ናት ወይስ የአትክልት ቦታ?» ይላል። መርሲና ጀርባዋን መሬት ላይ አስተኝታ ገባችበት። ቅርፊቱ ፊቷ ላይ ይረግፋል፣ የባሕሩ ግማት አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ እሷ መፋቅ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን እንኳ ሳታወልቅ ተመለሰች። ቴሜሊስ እዚያው ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ያያታል።

«አግዛት እንጂ አንተ!» አልኩት።

«ሌላ ሰው እንዲነካው መች ትፈቅዳለች!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አትፈቅድም።

ሰኞ በንጹሕ ውሃ አጠበቻት፤ ፕሮፔለሩን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጻሕል አብለጭልጫ ሞራ ቀባችው፤ ማታ ላይ ቀዩን ቀለም ቀብታ ጨረሰች። ይህ ቀይ ቀለም የባሕሩ ቅርፊት እንዳይጣበቅ የሚያደርግ መርዝ አለበት፤ ግን ሌሊቱን አድሮ በማግሥቱ ውሃ ካልነካ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ማክሰኞ መውረድ አለባት።

ማክሰኞ! ያውም አሥራ ሦስተኛው ቀን! በእኛ ዘንድ በዚህ ቀን ሰርግ አይደገስም፣ ጉዞ አይጀመርም። ቁስጥንጥንያ በቱርክ እጅ የወደቀችው ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ጀልባ ያወረደ ባሕረኛም እኔ አላውቅም። ሦስታችንም ሦስት ቀን እዚያው ስንውል ቀን መቁጠሩን ረስተነዋል። እኔ በተለይ ራሴን ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ራዲዮው የባሰ ወሬ አመጣ፤ ዛሬ ሳይመሽ ብርቱ የደቡብ ነፋስ ይነሳል አለ። ሐዲዳችን አፉን የከፈተው ወደ ደቡብ ነው። ያ ነፋስ ከመጣ ማዕበሉ ሐዲዱ ላይ ስለሚፈርጥ ለአምስት ቀን ምንም ነገር አይወርድም። ሐሙስም ሊያልፍ ነው ማለት ነው።

«ቴሜሊስ፣ አሁኑኑ እናውርዳት» አለች መርሲና።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ መሆኑን አጥቼው ነው? ሰማዩን አታይም?»

«አያቴ አላደረገውም፣ አባቴም አላደረገውም። ስድስት ልጆች የምትጭን ጀልባ በማክሰኞ፣ በአሥራ ሦስት አላወርድም። አንድ ነገር ቢሆኑስ? አንቺ ነሽ ለእናቶቻቸው የምትነግሪው?»

በማክሰኞ ክፉነት እሷም ታምናለች፤ እኔም አምናለሁ። በቀለም የተነከሩ እጆቿን እያሻሸች ከጀልባዋ ፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ትመላለሳለች። ሰማዩ በደቡብ በኩል ቢጫ ሆኗል፤ ውሃው ላይ ገና ምንም የለም፣ ግን ድመቶቹ ሁሉ ከወደቡ ጠፍተዋል። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ድንገት መፋቂያዋን ጣለችና ዳገቱን መሮጥ ጀመረች። «የት ነው?» እያልኩ ዊንቼን ትቼ ተከተልኳት።

ቄሱ አባ ኢሲድሮስ የታሸገ ዓሣቸውን ከፍተው ምሳ ላይ ነበሩ።

«አባ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀን የሚጀምረው መቼ ነው?» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ምን ነካሽ ልጄ? ማታ ነዋ! ከሠርክ ጸሎት በኋላ የነገው ቀን ነው።»

«እንግዲያው የዛሬውን ሠርክ በዘጠኝ ሰዓት ያድርሱልኝ።»

አባ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ሠርክ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ፀሐይቱንም ጎትቼ ላጥልቅልሽ?»

«ባለፈው ለቀብር ብለው አስቀድመውት የለም እንዴ?»

«ለቀብር ነው! ለጀልባ አይደለም።»

«እኔስ? ወንድሜ ዳርዊን ከሄደ ቀብሬው አይደል የምመለሰው?» አለችና እዚያው በር ላይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። መርሲና ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔም የማደርገው ሲጠፋኝ፣ «አባ፣ ማዶ ለመቀደስ የሚሻገሩትስ በምንድን ነው? ያቺ የፕላስቲክ እንደሆነች ሆድ ታገለባብጣለች» አልኩ።

አባ ዓሣቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ብለው መነጽራቸውን ፈለጉ።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት የሠርኩ ደወል ተደወለ። አሮጊቶቹ ልጃቸው የጠፋ ይመስል እየተጠራሩ ከየቤታቸው ወጡ። መርሲና ቁልቁል በርራ ቴሜሊስ ፊት ቆመች፤ ቀዩ ቀለም ክርኗ ድረስ ነው። «ሠርክ ተደውሏል፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ሮብ ነው» አለችው።

ቴሜሊስ ሰማዩን አየ፣ እሷን አየ። ጸሎቱ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀና አማተበ። «እንግዲህ ሮብ ከሆነ ልቀቃት፣ ሳኬላሪስ» አለኝ። ድምፁ ደስ የሚል አልነበረም፤ ፈርቶ ነው አልኩ። ካሎቲናን ለቀቅኳት። ከወደቡ ግንብ ጀርባ አስረናት ገና ገመዱን ሳንጨርስ ነፋሱ መጣ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሐዲዳችን አረፋ ብቻ ሆነ።

ሐሙስ ነፋሱ ባያባራም፣ በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለውን ውሃ ተራራው ስለሚከልለው መሻገር ይቻል ነበር። ዱቄቱን ጫንን፣ ጋዙን ጫንን፣ ስድስቱ ልጆች ከትምህርት ሲለቀቁ መጥተው ዱቄቱ ላይ ወጡ። የወደብ ሹሙ ገና ጎረምሳ ነው፤ ስልኩን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። መርሲና ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ቆመች፤ በእንጨቱ በኩል ፕሮፔለሩን እያዳመጠች ነው። «ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ነው» ትላለች ለራሷ። አሥር ደቂቃ ላይ ግማሹን አለፍን። አሥራ ስምንት ላይ የቤቶቹ መስኮቶች ታዩ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ማዶ ስንደርስ ሹሙ ስልኩን አየና «ሃያ ሦስት ደቂቃ» አለ። ልጆቹ ጮኹ፣ ሲጠብቁን የነበሩት እናቶች አጨበጨቡ፣ እኔ ሹሙን ሳይቀር ሳምኩት። መርሲና ሮጣ መሪው ጋ የቆመውን ወንድሟን አንገቱን አቀፈች።

ቴሜሊስ ግን እጁን ከመሪው አላነሳም። «ማክሰኞ ዕለት ደወሉን ስሰማ ሰዓቴን አይቻለሁ» አላት። «ዘጠኝ ሰዓት ነበር።»

ለካስ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

«ታዲያ ካወቅህ ለምን አወረድካት?» አለች መርሲና።

«ነፋሱ ምነው በቀደመን እያልኩ ነበር የምጸልየው፣ መርሲና። ከጠዋት ጀምሮ። የልጄ ልጅ አራት ዓመቷ ነው፤ በስልክ ነው የማውቃት። እነዚህን ልጆች ጥዬ ልሄድ አልችልም። መስመሩን ቢነጥቁኝ ግን ማንም አይወቅሰኝም፤ እሄድ ነበር።»

«ልሂድ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለች። ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ እኔ አጠገባቸው ስለቆምኩ ነው የሰማሁት።

«ሆዷ ሥር ተኝተሽ ሦስት ቀን ሙሉ ስትፍቂ እያየሁሽ? በየትኛው አፌ?»

በዚህ መሃል ሹሙ ከወደቡ ላይ ወረቀትና ብዕር ዘርግቶ ቴሜሊስን ጠራው። ውሉ የሦስት ዓመት ነው። መርሲና «አትፈርም» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለችም። እኔም አላልኩም፤ እሱም ብዕሩን ተቀበለ።