ክላክስ ዝም ያለ ጊዜ

አዛውንቱ ሾፌር ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡና ሴት ልጃቸው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የሚነዱት ነገር ቢኖር አንድ ፍሬ ውሻ ብቻ ነው። ስሙን "ክላክስ" ያሉት እሳቸው ናቸው። ቁመቱ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ እንግዳ ውሻ ሲያይ ግን ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል።

አንድ ቀን መንገድ ጠፍቷቸው ሰው ደግፎ ካመጣቸው ወዲህ ልጃቸው ብቻቸውን እንዳይወጡ ከልክላለች። በሩ ይቆለፋል፤ ለእሳቸው ቁልፍ አልተሰጣቸውም። ክፋት የለባትም፣ ከመውደዷ ብዛት ነው። የሚያንገበግባቸውም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ተጣልተው ይገላገሉ ነበር። በሩ የሚከፈትላቸው ጠዋትና ማታ ክላክስን ለማናፈስ ብቻ ነው። ውሻው የቤቱን መንገድ አይስትም፤ ከእሳቸው ሌላ ደግሞ የሚችለው ሰው የለም። የቤት ሠራተኛዋ አንዴ ሞክራ ገመዱ መዳፏን ቢልጣት፣ ሁለተኛ እጄን አልሰድም ብላ ምላ ተገዝታለች።

ታዲያ ምድር ቤት አንዲት ነርስ ጥጃ የሚያህል ውሻ ይዛ ተከራይታ ገባች። ደረጃው ግርግር በግርግር ሆነ፤ ጎረቤት አጉረመረመ።

"አባዬ፣ አሁንስ በዛ" አለች ልጃቸው። "አንድ ሰው ደግሞ ስሞታ ይዞ ቢመጣ፣ ውሻውን ለሰው ነው የምሰጠው።"

ለሽማግሌው ውሻው ሄደ ማለት በሩም ተዘጋ ማለት ነው። ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ነርሷን ምክር ጠየቁ።

"ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው" አለች። "ሌላ ውሻ ከሩቅ ሲያዩ ገመዱን እጅዎ ላይ ጠምጥመው ወጥረው ይይዙታል። እሱም ጌታዬ የፈራው ነገር መጣ ይላል።"

"እኔ ነኝ ውሻ የምፈራው? ፍሬኑ የተበጠሰ አውቶቡስ ይዤ ቁልቁለት የወረድኩት ሰውዬ?"

ተናደው ደረጃውን ግማሽ እንደወጡ ቆም አሉ። ለማጅ ሾፌሮችን ዘወትር የሚቆጡት በምን ነበር? መሪ አንቀው ሲይዙ አልነበር? እጅ ሲወጠር መኪናውም ይወላገዳል። ይህን ሲያስተምሩ የኖሩት ሰውዬ ገመድ ሲያንቁ ከርመዋል። በራሳቸው ሳቁና ተመልሰው ነርሷን እንድታግዛቸው ለመኑ።

በማግስቱ መናፈሻው ውስጥ ነርሷ ውሻዋን ይዛ ከወዲያ ጫፍ፣ እነሱ ከወዲህ ቆሙ። ክላክስ አይቶ ሳይጮህ ሲቀር ሽማግሌው ዳቦ ይቆርሱለታል፤ ጆሮው ከቆመ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላሉ። ገመዱ ላላ፣ የእሳቸውም ትከሻ ላላ። "ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ አንተ ግን በልተህ ዝም በል" እያሉ ይመክሩታል። ቀስ በቀስ እየቀረቡ ሄዱ። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን፣ በአንድ አቅጣጫ አብረው መራመድ ጀመሩ። ሽማግሌው ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከልጃቸው ጋር ደረጃውን ሲወጡ፣ አይተውት የማያውቁት የእንግዳ ውሻ ከላይ ቁልቁል መጣ። ሽማግሌው አየር ሳቡና ገመዱን ለቀቅ አደረጉት። ክላክስ አየው፣ አሸተተው፣ አለፈው። ልጃቸው እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ሳመቻቸው።

ጠዋት ጃኬታቸውን ለብሰው ወደ በሩ ሄዱ። ገመዱ መስቀያው ላይ የለም።

"ሠራተኛዋ ይዛው ወጥታለች፣ አባዬ" አለች ልጃቸው ቦርሳዋን እያነሳች። "አሁንማ በግ ሆኗል፣ ማንም ይይዘዋል። ከእንግዲህ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት መውረድ የለም። በቃ እረፍ፣ ደክመሃል።"

ክላክስን ዝም ማለት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ግንባራቸውን ሳመቻቸውና በሩን ከውጭ ቆልፋ ሥራዋ ሄደች።

መስኮቱ ጋ ቆሙ። ሠራተኛዋ ገመዱን በሁለት ጣቷ ይዛ ስልክ እያወራች ትሄዳለች። ከማዶ አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ ብቅ አለ።

"ጩህ" አሉ ሽማግሌው፣ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው። "ጩህ እንጂ፣ የኔ ጌታ። አንዴ ብቻ።"

ክላክስ ጥቁሩን ውሻ ቀና ብሎ አየውና መንገዱን ቀጠለ።