የረሂማ የጧት ፍተሻ

መርሳ ላይ አውቶቡስ ሲቆም ማንጎ ይዘው ከሚሮጡት ሴቶች ረሂማን የሚቀድማት የለም። ስትመርጥላችሁ ደግሞ ማየት ነው! ታገላብጣለች፣ ታሸታለች፣ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች፤ የተበላሸ ከእጇ አይወጣም። ምላሷም አያድርስ ነው፤ የተከራከራት ሾፌር ሁሉ ስቆ ገዝቶ ይሄዳል።

ይቺ ሴት አንድ ልጇን ናጅዋን ልትድር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ትርፍ አንጀት ጣላትና ወልድያ ሄዳ ኦፕራሲዮን ሆነች። ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ ጽጌ አጠገቧ አስቀምጣ መከረቻት። በየጧቱ እጇን ታጥባ ቁስሉን እንድታይ፣ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳትውል ሳታድር እንድትደውል፤ ስታስልና ስትስቅ ደግሞ ቁስሉን በመዳፏ ደገፍ እንድታደርግ። ረሂማ ሰምታ ስትጨርስ፣ ይሄማ የኔው ሥራ ነው፣ ማንጎም ሲበላሽ እንዲሁ ይናገራል አለች።

ከዚያ ወዲያ በየጧቱ ከሱብሒ ሰላት በኋላ በሯን ዘግታ፣ ትንሿን መስታወት ይዛ ፍተሻ ሆነ። ጎረቤቱ አፊያ ያድርግሽ እያለ አንዱ ማር፣ አንዱ ቅቤ ይዞ ቁስሉን ልቀባልሽ ይላታል። እሷ ማሩን ላሰችው፣ ቅቤውን ጠጉሯን ተቀባችው፣ ቁስሉን ግን ማንንም አላስነካችም። ቁስሉም ደረቀላት፤ ፋሻው ተነሳ።

የኒካሑ ዋዜማ ቤቱ በሴት ሞላ። ሙሽራዋ ሂና ስትደረግ የሙሽራ እናት ባዶ እጇን ልትቀመጥ ነው እንዴ? ጎረቤቷ ዓቢዳ ቀኝ መዳፏን ስባ እርጥቡን ሂና ለቀለቀቻት። ለቅልቃም አላበቃች፤ በራሷ ሰርግ ቀን ሚዜዎቹ ቤት ተሳስተው የሰው ምሳ በልተው የወጡበትን ጉድ ማውራት ጀመረች። ከሰዓቱን ሙሉ ቤቱ በሳቅ ሲናጋ ዋለ። ረሂማም እንደታዘዘችው በስስ ቀሚሷ ላይ ቁስሏን ደግፋ ደግፋ ሳቀች።

በማግስቱ ጧት መስታወቷን ብትይዝ የቁስሉ ዙሪያ ቀልቷል። አልጋለም፣ አላበጠም፣ ትኩሳትም የላት፤ ግን ቀልቷል። ጽጌ ካየችኝ ሆስፒታል ታስተኛኛለች፣ አንድ ልጄን ሳልድር ልቀር ነው ብላ እንባዋ መጣ። ዛሬን እንደምንም ዝም ብዬ ልዋል ብላም ነበር። መለስ ብላ ግን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ደግሞስ እኔ የተበላሸ ማንጎ ከሥር ደብቄ ሸጬ አውቃለሁ? አለችና ደወለች። ጽጌም አሁኑኑ ይምጡ አለቻት። ናጅዋ ይህን ስትሰማ እናቴ ሳትመለስ ኒካሕ የሚባል ነገር የለም ብላ ቁጭ አለች። ሽማግሌዎች ቢለምኗት ወይ ፍንክች!

ወልድያ ላይ ጽጌ ጓንቷን አጥልቃ አየች፣ ዳሰሰች፣ ትኩሳቷን ለካች።

"እስቲ ቀኝ እጅዎን ያምጡ" አለቻት።

መዳፏን ወስዳ ከቅላቱ በላይ ሳታስነካ ዘረጋችው። ጣት በጣት ገጠመ።

"እናቴ፣ ይሄ እኮ ሂና ነው። ቁስሉማ ድኗል።"

ረሂማ አልሐምዱሊላህ አለች፣ ዓቢዳንም የእጇን ይስጣት አለች፣ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ። ጽጌ እየሳቀች፣ መምጣትዎ ደግ ነው፣ ነገም ቢቀላ እንዲሁ ይምጡ ብላ ሸኘቻት።

መርሳ ስትደርስ ሰርገኛው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይጠብቃታል፤ ዓቢዳ በሳቅ ቁስሏን የጎዳሁባት እኔ ነኝ ብላ ፊቷ አመድ መስሏል። ረሂማ የሆነውን ስትነግራቸው ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቋ መጣባትና ሆዷን ልትደግፍ እጇን ስትሰድ ናጅዋ ቀደመቻትና ሂና ያሸበረቀ የሙሽራ መዳፏን ቀስ አድርጋ አሳረፈችላት።

"በሉ እንግዲህ ኒካሑን እሰሩ" አለች ረሂማ፣ "እኔ ድኛለሁ።"