የተመረገው ጋንና የአውራ ጣት ምልክት

ጠላው የተሰረቀው የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እናቴ ልትቀምስ ወደ ጋኑ ጎንበስ ብላ ድንገት ቀና አለችና፣ «ይህን እኔ አልመረግሁትም!» አለች። እሷ የጋን አፍ የምትመርገው ገለባ በገባበት ጥቁር ጭቃ ነው። ይህ ግን ቀይ፣ ለስላሳ፣ ገለባ የሌለው ነበር። ዙሪያውን በቢላዋ ቆርጣ ሳይሰበር አነሣችው። ጋኑ እስከ ወገቡ ጎድሏል።

በኮሶዬ ብርድ ማኅበርተኛ ጠርቶ ግማሽ ጋን ማቅረብ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አልናገርም። የባሰው ነገር የመጣው ግን ከጭቃው ነው።

ቀዩ ጭቃ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ከመንደራችን በታች አንዲት ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ አሉ፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ያን ሰሞን ከወንዝ ጭቃ አውጥተው ሲመጡ ደክሟቸው፣ በእርጥብ ጨርቅ እንደ ጠቀለሉት ከአጥራችን ሥር አሳርፈውት ሄደው ነበር። እንግዲህ ነገሩ አለቀ፣ ሌባዋ እሳቸው ናቸው ተባለ።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ሲባል ሌባው እስኪወጣ ድረስ መንደሩ በሙሉ ዛፍ ሥር ቁጭ ይላል፤ እህሉ ይበስል፣ ከብቱ ይጥፋ፣ ማንም አይነሣም። ዳኛው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ አያ እንላቸዋለን። ጸሐፊው ዲያቆን ወደ ደባርቅ ስለሄደ መጻፉ ለእኔ ተሰጠ። ፊደል ከቆጠርሁ ገና ዓመቴ ነው፤ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እንደ ሹም ተኮፈስሁ።

«ጭቃው የሷ፣ አመራረጉ የባለሙያ» አሉ አያ። «ከዚህ ምን ይቀራል? ከአገራችን ትነሣ!»

እትዬ ከሰው ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር። ቤታቸውም፣ ሸክላ መተኮሻቸውም፣ የባላቸው መቃብርም እዚያው ቁልቁል ነው፤ ወዴት ይነሡ?

«ምነው አያ!» አሉ። «እኔ የእናንተን ጠላ ልጠጣ? የእናንተን ሰው የነካሁ ቀን እኮ ወንዝ ወርጄ ሳልታጠብ ቤቴ አልገባም! ግማሽ ጋን ብጠጣማ እስከ ፋሲካ ከወንዝ አልወጣም።»

ሳቅ ሆነ። አያ ግን አልሳቁም። «ማን አየሽ?» አሉ።

እኔ መጻፌን ትቼ እናቴ በሰፌድ ይዛ የመጣችውን የምርጊቱን ጭቃ አየሁ። ከጠርዙ ላይ አንድ አውራ ጣት ተቀምጧል፤ መስመሩ ሁሉ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ጎንደር ትዝ አለኝ።

ከአባቴ ጋር ለመንገድ ፈቃድ ወደ ጣልያኖቹ ቢሮ ሄደን ነበር። አባቴን አውራ ጣቱን ጥቁር ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አስጫኑት። እኔ ምነው ብዬ ብጠይቅ አስተርጓሚው፣ «ስሙን ቢቀይር፣ ጢሙን ቢላጭ፣ ይህችን አይቀይራትም። መንትዮች እንኳ በአሻራ ይለያያሉ። በእነሱ አገር ሌባ የነካውን ብርጭቆ ዱቄት ነስንሰውበት ያነብቡታል» አለኝ። ያነብቡታል! ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ እንዴት ያለ ደስታ ነው! ግማሹን መንገድ ድንጋይ በጫነች ማኪና ላይ ተቀምጬ ስመለስ ጣቶቼን ሳነብብ ነበር የመጣሁት።

ይህንኑ ለጉባኤው ተናገርሁ። «ሁላችሁም አውራ ጣታችሁን ጭቃ ላይ አሳርፉ፤ ከዚህኛው ጋር እናስተያየው።»

ምነው ባልተናገርሁ! «ለጣልያን ልታስመዘግበን ነው!» ብሎ አንዱ ጎረቤት ተነሣ። ሌላው፣ «ዛሬ ጣት፣ ነገ መንገድ ቁፋሮ!» አለ።

«ጭቃ ነው እንጂ ወረቀት አይደለም» አልሁ። «ሲያልቅ አቦክተን እናጠፋዋለን።»

እትዬ ከሩቅ ሆነው የቀረ ጭቃቸውን እየቆረሱ ሰፌዱ ላይ ጣሉልኝ። እናቴ ቀድማ ጫነች፤ ከዚያ አባቴ፣ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ እያጉረመረመ። እኔ ከየጭቃው ጎን በእሾህ የባለቤቱን ስም ጻፍሁ። ለካ የሰው ጣት ልዩ ልዩ ነው! የእናቴ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀለላል፤ የአባቴ ነፋስ እንዳስተኛው ገብስ ነው። እትዬም ራቅ ብለው ጫኑ። የሳቸውማ አንድ መስመር የለው፤ ስንት ዘመን ጭቃ ያሸ ጣት ልሙጥ ሆኗል።

«የዳኛውስ?» አለች እናቴ።

አያ ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቀኙን ነው አያ፤ ሁሉም የጫነው ቀኙን ነው» አልሁ።

«ቀኜን ለጸሎት ነው የማስቀምጣት።»

«ለጸሎት ከሆነች ንጽሕት ናትና ያምጧት!» አለች እናቴ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ቀኛቸው ከጋቢ ሥር ወጣች። ጫኑ። ክብ መስመር፣ መካከሉን በአጨዳ ጊዜ ማጭድ የቆረጠው ጠባሳ ሰንጥቆት። ከምርጊቱ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አደረግኋቸው፤ ጠባሳውም ክቡም አንድ ነው።

«ደርሶ እንደሆነ ልቅመስ ብዬ ነው» አሉ አያ ዝግ ብለው።

«ግማሽ ጋን?!»

«ጠላ እኮ በአንድ ዋንጫ አይታወቅም።»

ያን ጊዜ የወጣው ሳቅ እስከ ድብ ባሕር ሳይሰማ አልቀረም። እኔ ግን አንድ ነገር ሲገርመኝ ቆየ። ጭቃው አልዋሸም፤ የማን እንደሆነ ብቻ ነው የነገረን። ማን እንደ መረገው የጨመርነው እኛ ነን፤ ሸክላ ሠሪ ናት ብለን። አያም ቢሆኑ በእናቴ ገለባማ ጭቃ ቢመርጉ ኖሮ ጣታቸው አይታይም ነበር። ለስላሳውን የመረጡት ባለሙያዋን ሊያስጠረጥር ብለው ይሁን ለእጃቸው ቅርብ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ሽማግሌዎች ተማክረው ፈረዱ፤ እስከሚቀጥለው ማኅበር የእትዬን ጭቃ ከወንዝ የሚያወጡት አያ ናቸው። እትዬም ከመንደራቸው አልተነሡም። ዛሬ ጠዋት ከደጃቸው ቆሜ አያ ጎብጠው ሲመጡ አየሁ።

«እዚያው ያውርዱት፣ እንዳይነኩኝ!» አሉ እትዬ። ጭቃውን ቆርሰው በጣታቸው አሹና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጠጠር አለበት። ይመልሱት።»