የተፈወሰው ፍሪሲዮን

ቤተ ክርስቲያናችን ወንበር እንጂ አዳራሽ አልነበራትም። እሑድ እሑድ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ እንከራያለን፤ መቶ ሃያ የፕላስቲክ ወንበሮቻችን ግን የሚያድሩት ሳውዝ ሲ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው። ጠዋት በጭነት መኪና ይመጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለመዘምራኑ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ እንድተወውም የነገረኝ የለም።

የመኪናው ባለቤትም ሹፌርም ጋሼ የምላቸው ሰው ነበሩ። አገር ቤት ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል። ሰዓት ሲጠየቁ «አራት ገደማ» ብለው አያውቁም፤ «ለአራት ሰባት ጉዳይ» ነው የሚሉት። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ለምስክርነት አልወጡም። ለምን ሲባሉ፣ «እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር የለም» ይላሉ። ሌላው ሰው ጉንፋን ለቀቀኝ ብሎ በሚመሰክርበት ጉባኤ ይህ ትንሽ ያስቀይም ነበር።

አንድ እሑድ ወንበሮቹን ጭነን ስናበቃ ማርሽ አልገባ አለ። ጋሼ ፍሪሲዮኑን ይረግጣሉ፣ ዘንጉን ወደ አንደኛ ይገፋሉ፣ ከሥር ክርርርር የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ድንጋይ የምታኝክ ላም ያለች ይመስላል። ወዲያው ሰው ሁሉ መካኒክ ሆነ።

«የፍሪሲዮን ሸራ ነው!»

«ካምቢዮ ነው እንጂ!»

«ወንበሩ በዝቶባት ነው» አለች አንዲት እህት፣ ፕላስቲክ መሆኑን እያወቀች።

ፓስተሩ ለበሽተኛ የሚይዙትን የወይራ ዘይት አወጡ። ኮፈኑ ተከፈተ፣ እጅ ሁሉ ተዘረጋ። የመኪናዋን ግንባር ቀቡና ጠርሙሱን እንድይዝላቸው ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ አሰብኩ። ቆዳዋ ምን አደረገ? ሕመሟ ያለው ውስጧ ነው። ከመስታወቱ ሥር ክዳን ያላት፣ ሲኒ የምታህል ዕቃ አየሁ። ስከፍታት ባዶ ልትሆን ምንም አልቀራት። ሰው ሁሉ ዓይኑን እንደጨፈነ ዘይቱን ገልብጬ ሞላኋት።

ጋሼ የጋቢናው በር እንደተከፈተ ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር። ግራ እግራቸው ግን አላረፈም፤ ከእያንዳንዱ «አሜን» ጋር ፔዳሉን ይረግጣል፣ ይለቃል። ከመጨረሻው «አሜን» በኋላ ማርሹን ሞከሩት። ያለ አንዳች ድምፅ ገባ።

የነበረውን ጩኸት መጻፍ አልችልም። ጋሼ ብቻ አልጮኹም። የትምህርት ቤቱን የኳስ ሜዳ ሦስት ጊዜ ዞሩ፣ ሁሉንም ማርሽ ሞከሩ፣ ወደኋላም ሄዱ። «እስኪ ሳምንት ልያት» አሉ።

«ወንድሜ፣ ለጌታ ሥራ ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ?» አሉ ፓስተሩ።

ጋሼ የጋቢናው መርገጫ ላይ ቆመው፣ «መኪናዬ ተፈውሳለች» አሉ። ሁለት ቃል። 

ረቡዕ ሞምባሳ ሮድ ላይ ቆመች። ጋሼ ከስልክ ቤት ደውለው ጠሩኝ፤ እሳቸው ስዋሂሊ አይችሉም። ደርሼ ለምን የእኛን መካኒኮች እንደማይጠሩ ስጠይቃቸው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ናይሮቢ ውስጥ የምናውቃቸው ሁለት ሐበሻ መካኒኮች ነበሩ፤ አንዱ የመዘምራኑ ቤዝ ነው፣ አንዱ ቴነር። እሑድ ተፈውሳለች ያሉትን መኪና ረቡዕ እነሱ ፊት ሊከፍቷት ነው?

እየገፋንም እየጎተትንም ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ ጀርባ ወዳለ፣ ወደማያውቀን ፉንዲ ወሰድናት፤ ፉንዲ በስዋሂሊ መካኒክ ማለት ነው። ፉንዲው ቀጭን ሰው ነው፤ ሲሠራ አይቸኩልም፣ ሲናገርም አይቸኩልም። በመጀመሪያ ሞተሩን አስጠፋ። ማርሾቹ ሁሉ እንደ ጉድ ገቡ። ከዚያ አስነሣ። ክርርርር።

«ካምቢዮው ደህና ነው» ብዬ ተረጎምኩ። «ካምቢዮ ቢሆን ሞተሩ ጠፍቶም ባስቸገረ ነበር ይላል። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ አይለቅም።»

«ምዜ» አለ ፉንዲው፤ እዚያ አገር ሽማግሌ የሚጠራው እንዲህ ነው። «ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግመህ ርገጥና ሞክር።»

ጋሼ አምስት ጊዜ ረገጡ። ማርሹ ገባ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንተ ልጅ፣ እሑድ ዕለት እግሬ ምን ያደርግ ነበር?»

«ከአሜኑ ጋር ይረግጥ ነበር።»

«ስንት ጊዜ?»

«ጸሎቱ ረጅም ነበር፣ ጋሼ።»

ፉንዲው ያችን ሲኒ የምታህል የፍሪሲዮን ዘይት ዕቃ ከፈተ፣ ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ፣ ሳቀ። አንድ ነገር አለ። 

«ምን አለ?»

«የጸሎት ዘይት ነው ይላል።»

«የጸሎት መሆኑን በምን አወቀ?»

«እሱ ያለው የምግብ ዘይት ነው። የጸሎት መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ጋሼ አልተቆጡም። ፉንዲው ከሥር ገብቶ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያግዱትን ሁለት የላስቲክ ጎሚኒዎች አውጥቶ አሳየን፤ ተዘፍዝፎ እንዳደረ ባቄላ አብጠዋል። ድሮውንም የፍሪሲዮኑ ዘይት በትንሹ ይፈስ ነበር፤ አየር ስለገባበት ፔዳሉ ካልተደጋገመ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ለመቆም ያበቃት ግን የእኔ መድኃኒት ነው። ቱቦውን አጠበ፣ ጎሚኒ ቀየረ፣ ትክክለኛውን ዘይት ሞላ፣ ጋሼ እየረገጡ እሱ ከሥር አየሩን አወጣ። ማርሹ ገባ፤ ያለ አሜን።

ስንመለስ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ምስክርነትዎ እውነት ሆኗል» አልኳቸው።

«ውሸት ቆይቶ እውነት ሲሆን አይተህ ታውቃለህ? በዕድሜዬ አንድ ጊዜ መሰከርኩ፣ እሱም ስህተት። እሑድ ቃሌን እመልሳለሁ።»

እሑድ መድረክ ላይ ወጡ። ወረቀት ይዘዋል።

«ባለፈው እሑድ መኪናዬ ተፈውሳለች ብዬ ነበር። አልተፈወሰችም። ማርሹ የገባው ፔዳሉን ደጋግሜ ስለረገጥኩ ነው። በዚያ ላይ የምግብ ዘይት ተጨምሮባት ሁለት ጎሚኒ አበጠ። ረቡዕ ቆመች። አንድ ፉንዲ በሃምሳ አምስት ደቂቃ ሠራት። ያልኩትን እንዳልተባለ ቁጠሩልኝ።»

 ከኋላ አንዲት እናት ተነሡ።

«ፉንዲውን ማን አዘጋጀው?»

«ጌታ!» አለ ጉባኤው።

«የለም፣ ድሮም እዚያው ነበር፣ ጋራዡ ነው» አሉ ጋሼ።

«ዘይቱንስ ማን አፈሰሰው?»

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። «አንድ ገጣሚ» አሉ።

«ዘይቱ ባይፈስ ድብቁ በሽታ መቼ ይታወቅ ነበር!» እናትየው እልል አሉ። ቤዙና ቴነሩ ከሁሉ በላይ ጮኹ። ጋሼ እጃቸውን እያወዛወዙ «ኧረ አድምጡኝ» ይላሉ፤ ሰው እጃቸውን አይቶ የራሱንም ያነሣል። ፓስተሩ አቀፏቸው። ወረቀቱ በመካከላቸው ተጨማደደ።

ጋሼ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «አልሰሙኝም» አሉ።

«ሰምተዋል፣ ጋሼ።»

«እሱ ነው የከፋው።»

ስንወጣ ግቢው ውስጥ አራት መኪኖች ኮፈናቸው ተከፍቶ ተሰልፈው ነበር። የመጀመሪያዋ የአንዲት ነርስ ነበረች።

«ፔዳሉን ስትረግጪው ይሰምጣል ወይስ ይጠጥራል?» አሏት ጋሼ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዝም ብለው ይጸልዩላት እንጂ።»

ጋሼ ኮፈኑን ዘጉ። «እኔ ምንም የለኝም፣ ልጄ። ፉንዲ ጋ ውሰጃት።»

ነርሷ እንባዋን መጥረግ ጀመረች። እንዲህ ያለ ትሕትና አይታ አታውቅም። ወደ ኋላ ዞራ ለሦስቱ ባለመኪኖች ነገረቻቸው፤ እነሱም አንድ እርምጃ ቀረብ አሉ።