የየራሳችን ወር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሳሎን ሶፋው ላይ ተጋድማ ሳለ ስልኳ ጢን አለና፣ አየት አድርጋው «አክስቴ፣ ነገ ሊመጣብኝ ነው፤ ለካ ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ ሰው ያስጠላኝ፣ ሆርሞኔ ነው» አለችኝ። እኔ የባንክ መልእክት መስሎኝ ነበር። ስልኩ ለካስ የወር አበባዋን ይቆጥርላታል፤ የሚመጣበትን ቀን፣ የሚሄድበትን ቀን፣ ይባስ ብሎ ልታረግዝ የምትችልባቸውን ቀናት ሳይቀር በትንንሽ ነጥብ እየለየ ያሳያታል። ወይ ጉድ! መነጽሬን አድርጌ ነጥቦቹን ሳይ ቆየሁና፣ ሳላስበው የእትዬ ዘይነባ መስገጃ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

እትዬ ዘይነባ፣ በደርግ ዘመን ባደግሁበት የናዝሬት የቀበሌ ቤት፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች። የከሚሴ ሰው ናት፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ሳቋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ። ባሏ ጋሼ ቃሲም ከአሰብ ነዳጅ የሚያመላልስ የቦቴ ሾፌር ስለነበር ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ሲመጣም አቧራ ለብሶ፣ ለግቢው ልጆች ቴምር በጋዜጣ ጠቅልሎ ነበር የሚመጣው። የጎደላቸው ልጅ ብቻ ነበር። አማቷ ደግሞ ከከሚሴ በመጣ ሰው ሁሉ አንድ መልእክት ትልካለች፤ እስከ አረፋ በዓል ካላረገዘች ለልጄ ሌላ ሚስት አጭቻለሁ የሚል።

የግቢው ሴቶች ነገሩን የሚከታተሉት በመስገጃዋ ነበር። ዘይነባ ሶላት አታጓድልም፤ አረንጓዴ መስገጃዋን ከፓፓያው ጥላ ሥር ዘርግታ ትሰግዳለች። አበባዋ ሲመጣ ግን አትሰግድምና መስገጃው ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ስለዚህ መምጫው ቀን ደርሶ መስገጃው እንደተዘረጋ ከዋለ ሴቶቹ በዓይን ይጠቃቀሳሉ፣ እናቴ ለማርያም ትሳላለች፣ ባልዲ የሚያንኳኳ ልጅ እንኳ ይገሠጻል። አንድ ጠዋት ተጠቅልሎ ሲታይ ግቢው በሙሉ ይከፋዋል። ያን ቀን ዘይነባ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ይሰማኛል። እኔ ጅሏ አበባ ሲባል እውነተኛ አበባ ይመስለኝ ስለነበር፣ ደጃፏ ላይ እየጣለ የሚያስለቅሳት ክፉ ሰው አለ ብዬ ስንት ጊዜ ጥርሴን ነክሻለሁ።

ያልሞከረችው የለም። ሶደሬ ፍል ውኃ ተዘፍዝፋ ከርማለች፤ የእናቴንም ጠበል «ሁሉም የአላህ ውኃ ነው» ብላ ጠጥታለች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዳ አንድ የውጭ አገር ሐኪም አየች። ሐኪሙ እንቁላሏ እንደሚገባ አይበስልም ብሎ የሚያነቃላትን ክኒን ሰጣትና፣ ዋናውን ነገር በአስተርጓሚ ነገራት፤ በወሩ እኩሌታ ባልሽ ከጎንሽ እንዳይጠፋ።

ክኒኑን እንደታዘዘችው ትውጣለች። ወር ሲባል ግን እሷ የምታውቀው ወር አንድ ነው፣ የሰማዩ። ጨረቃ ስትሞላ ወሩ እኩሌታው ላይ ደረሰ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? እናም ጨረቃ ልትሞላ ስትል በሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ለጋሼ ቃሲም ይላክበታል፤ ዘይነባን አሟታል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቀበሌ ይፈልግሃል። አንዴማ የእኔ እናት ልትሞት ነው ተብሎ ብርቱካን ይዞ እየበረረ ቢመጣ ልብስ ስታሰጣ አገኛት። ያ ሁሉ ሴት ሰማይ ሰማይ እያየ አንድ ባል ይጠብቅ ነበር። ጨረቃዋ ትሞላለች፣ ቃሲም ይመጣል፣ መስገጃው ግን ተመልሶ ይጠቀለላል። እንዲህ እየሆነ ወራት አለፉ።

በዚህ መሀል የእኔም አበባ መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው፤ የናዝሬት ፀሐይ አናት ይበሳል፣ እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ፣ የምሞት መሰለኝ። እናቴ ደግ ሴት ናት፣ ግን በዚህ ነገር አፏ አይፈታም፤ ጨርቅ ቀድዳ ሰጠችኝና «ቤተ ክርስቲያን እንዳትገቢ» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ዞረች። እያለቀስኩ ዘይነባ ቤት ገባሁ። እሷን በየወሩ የሚያስለቅሳት ያው ደም ነው፤ በእኔ መምጣቱን ስትሰማ ግን እልልታዋን በመዳፏ አፍና፣ እቅፍ አድርጋ ግንባሬን ሳመችኝ።

«እሰይ የኔ እመቤት! ሆድሽ ውስጥ ለእንግዳ ቤት ተሰናዳ እኮ። እንግዳው ሲቀር ቤቱ ይታጠባል፤ ደሙ የሱ እጣቢ ነው። ምን ያስፈራሻል?»

እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ። ትናንት ሱዚ ስትዘል በዋለች ልጅ ውስጥ፣ ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳያይ፣ ቤት ይሰናዳል! ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

ከዚያ ወዲህ እኔም መቁጠር ጀመርኩ፤ ቆጥሬም ግራ ገባኝ። የእሷ የሚመጣው ጨረቃ ስትጎድል ነው፣ የእኔ ልክ ስትሞላ። አንድ ቀን ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እትዬ ዘይነባ፣ አበባዬ የሚመጣው እኩሌታው ላይ ከሆነ የእኔ ወር እኩሌታው መቼ ሊሆን ነው፣ ስል ጠየቅኋት።

«ያንቺ ወርማ የሚጀምረው ያንቺ ሲመጣ ነዋ...» ብላ ጀመረችና አፏን እንደከፈተች ቀረች። ምስሩ ከነሰፌዱ ተደፋ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሷን ብትጠይቅ፣ ነርሷ እንባዋ እስኪመጣ ስቃ «የሰማዩን ወር ማን ጠየቀሽ፣ እያንዳንዷ ሴት የራሷ ወር አላት!» አለቻት። ዘይነባ ይህን ልትነግረን እየሮጠች መጣች። ለካስ ሴት ሁሉ የራሷን ወር ይዛ ነው የምትዞረው።

የዘይነባ የራሷ እኩሌታ፣ አረፋ ሳይደርስ የቀራት የመጨረሻው፣ ጨረቃዋ ገና እንደ ጥፍር ቀጥና ሳለች ነበር የሚውለው። በዚያው ዕለት አንድ ሾፌር መጥቶ የቃሲም ቦቴ ወለንጪቲ ላይ ተበላሽቶ መለዋወጫ እየጠበቀ ነው፣ ከሳምንት በፊት አይንቀሳቀስም አለ። ዘይነባ እንደቆመች ግድግዳውን ተደገፈች። ያኔ አፏ የማይፈታው እናቴ «ባል ካልመጣ ሚስት አትሄድም እንዴ?» ብላ የራሷን ነጠላ አለበሰቻት። አንዷ ፀጉሯን ሽቶ ቀባች፣ አንዷ ምሳ ዕቃ አቀበለች፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ የመጨረሻው አውቶቡስ ላይ ሰቀልናት።

መስገጃው ከዚያ በኋላ ሳይጠቀለል ሰነበተ። አረፋ ደረሰ፣ መምጫውም አለፈ፣ እንደተዘረጋ ነበር፤ ግቢው ትንፋሹን ውጦ ከረመ። ሆዷ ሲገፋ እጄን ይዛ እላዩ ላይ አስቀመጠችው፤ ከውስጥ አንድ ነገር ገፋኝ። ሮጬ ወጣሁ። ሴት ልጅ ወለደች፣ ቀመር አሏት። በዐረብኛ ጨረቃ ማለት ነው፤ እናቴ ግን ስሌት ማለት መስሏት «እንዴት ያለ ልኳ የሆነ ስም!» እያለች ስታደንቅ ኖረች። አማቷም ቅቤ ይዛ መጣች፣ ስለ ሌላ ሚስት ያነሳ የለም።

እኔ አገባሁ፣ የራሴንም ወር ቆጠርኩ። ክኒኑን ዋጥኩ፣ መርፌውን ተወጋሁ፣ እኩሌታዬን ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ባሌም እቤቱ ነበር። አበባዬ ግን በየወሩ መጣ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አላስደነገጠኝም፤ ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ በቃኝ ብሎ ቀረ። በእኛ ግቢ ቢሆን ያን ቀን ስንት ሴት ያውቅልኝ ነበር! ግቢው ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፣ እናቴ የለችም፣ ዘይነባም አገሯ ገብታ ዐርፋለች።

ለአንድ ሰው መንገር ነበረብኝና ዝዋይ ለምትኖረው ለቀመር ደወልኩ። እሷም ዛሬ የልጆች እናት ናት። ልጅ ሳላገኝ አበባዬ መቅረቱን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«እማዬ ሁልጊዜ ‹የወለድንሽ ሁለት ነን፣ እኔና ያቺ ወሩን የጠየቀችኝ ልጅ› ትለኝ ነበር» አለችኝ። «ካለሽበት እንዳትነሺ፣ መጣሁ።»

ስለ ልጅ አልቅሼ የማላውቀው ሴትዮ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ።