የዴልማር ሦስት ጣቶች

«ወንድሜን ወንበዴ አሉት! ሃያ ዓመት የሰው ልጅ ጭኖ አንዴ እንኳ ያልተጋጨን ሰውዬ፣ በቴሌቪዥን፣ ወንበዴ!»

አክስቴ ቬርሊን ናት። ስትጮህ ኒው ኦርሊንስ በሙሉ ይሰማል።

«ኧረ ቀስ፣ ማሽኑን አቃጠልሽው!» አልኳት።

ቲሸርት ላይ ፎቶ የምታትምበት ማሽን ነው። እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ፎቶውን ደረታችን ላይ አድርገን ነው የምንሸኘው። የሰፈሩን ሙት ሁሉ ያተመችው እሷ ናት፤ ከቤተሰቡ ጋር ታለቅሳለች፣ ሟቹ ብጉር ካለበትም ታጠፋለታለች። ያሁኑ ግን የገዛ ወንድሟ ነው። ዴልማር የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ የገደለው ስኳር ነው።

ትናንት ዜናው ስለ ዘረፋ ያወራል። አንድም ሌባ አልተያዘም፤ ታዲያ ምን ያሳዩ? የኛን ልጆች! ዴልማርን ለብሰው ሱቃችን በር ላይ ቆመዋል፤ ቲሸርቱ እስከ ጉልበት፣ ሱሪው ሰፊ፣ ኮፍያው ወደ ጎን። አንድ ክራቫት ያሰረ አዋቂ ነኝ ባይ ብቅ አለና፣ «ይህ አለባበስ የወንበዴ የደንብ ልብስ ነው። ቲሸርቱ ላይ ያለው አለቃቸው በሦስት ጣት የቡድኑን ምልክት እያሳየ ነው» አይል መሰላችሁ! 

ዴልማር እኮ ሁለቱን ጣቶቹን ድሮ በረዶ ፋብሪካ ማሽን በልቶበታል። ፎቶው ላይ እንዳለው ለተማሪዎቹ ቻው ሲል የሚወጣው ሦስት ነው። ምን ያድርግ፣ ጣት ይዋስ?

ጠዋት ፓስተሩ ደወሉ። «እህት ቬርሊን፣ ነገ ለቀብሩ በዚያ ቲሸርት ቤተክርስቲያን የሚገባ የለም።»

አክስቴ ስልሳ ቲሸርት አትማለች። ሁሉን የሸኘች ሴትዮ የራሷን ወንድም እንደ ባዳ ልትሸኝ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያው ጋ ሦስቴ ደወለች፤ ሦስቴም «ይጠብቁ» ብለው ሙዚቃ ከፈቱባት።

«አንቺ ቀበጥ፣ ነይ ስልኩን ያዢ! የዚያችን የጣቢያውን ዜና አንባቢ ድምፅ አስመስለሽ አውጪ።»

«ከዘጠነኛ ክፍል ያስባረረኝ ይሄ የሰው ድምፅ መቅዳት እኮ ነው!»

«አውጪ ብያለሁ!»

ከንፈሬን ሰብሰብ አድርጌ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ቬርሊን እባላለሁ» አልኩ። ወዲያው አለቃው ጋ አገናኙኝ፣ ያውም «እሜቴ» እያሉ!  ያው ስም፣ ያው አቤቱታ፣ ድምፁ ብቻ ነው የተቀየረው። ልስቅ ፈልጌ አቃተኝ።

ስለ ጣቱ ስነግረው ሰውዬው «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ «በማታው ዜና እናስተካክላለን» አለ።

«ያስተካክላሉ» አለች አክስቴ። «ደንግጧል።»

«አያደርጉትም፣ አክስቴ።»

«እንወራረድ! ካስተካከሉ ነገ ቤተክርስቲያን የኔን ላባ ያለውን ባርኔጣ አድርገሽ ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። አፍሽን ዘግተሽ!»

«ካላስተካከሉ ጸጉርሽን ወርቃማ ትቀቢያለሽ።»

«በቃ። ፓስተሩም የማታውን ዜና ያያሉ፤ እርማቱን በጆሯቸው ከሰሙ ቲሸርቱን ይፈቅዳሉ።»

እጅ ተመታታን። ማታ ዜናው ተጀመረ። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለጠፋ ውሻ። ከዚያ ያ ክራቫታም ብቅ አለና፣ «ትናንት ስላሳየነው ባለ ሦስት ጣት ሰው…» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በይ!» አለችኝ። እኔ እንኳ ምንም አላልኩም።